አርጎን ውስጥ ደጋግሞ ማቅለጥ ኦክስጅኑን አያወጣም

ጥያቄው «99.9 በመቶ ንጹሕ ነው ተብሎ የገዛሁት ኒዮዲሚየምና ዲስፕሮሲየም ሲመረመር 0.2 በመቶ ኦክስጅን ተገኘበት፤ አርጎን ውስጥ ሦስቴ ባቀልጠውም አልቀነሰም» የሚል ነው። ሁለቱም ሬር ኧርዝ ከሚባሉት ብረቶች ናቸው፤ አርጎን ደግሞ ከብረቱ ጋር የማይዋሃድ ጋዝ ነው።

ሻጩ ላይዋሽ ይችላል። ብዙ ጊዜ 99.9 የሚባለው ከሌሎቹ የሬር ኧርዝ ብረቶች አንጻር ብቻ ተሰልቶ ነው፤ ኦክስጅን፣ ካርቦንና ናይትሮጅን ከነጭራሹ አይቆጠሩም። 0.2 በመቶ ደግሞ የክብደት ሒሳብ ስለሆነ ያታልላል፤ ኒዮዲሚየም ውስጥ በአተም ቁጥር ሲታይ 1.8 በመቶ ገደማ ነው።

በማቅለጡ እኔም ብዙ ጊዜ አባክኛለሁ። አርጎኑ እንዲጸዳ ብዬ በመጀመሪያ ታይታኒየም አቀልጥ ነበር። ታይታኒየሙ ግን ጋዙን እንጂ ብረቱን አያጸዳም፤ ሬር ኧርዝ ኦክስጅንን ከታይታኒየም አጥብቆ ይይዛል። ቫኪዩም ውስጥ ማጋል ሃይድሮጅኑን ያስወጣል፣ ኦክስጅኑ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። እንዲያውም በየማቅለጡ ትንሽ ይጨመርበታል።

ሁለቱን ብረቶች ለየብቻ ይያዟቸው። ዲስፕሮሲየም የሚቀልጠው 1412 ዲግሪ ላይ ቢሆንም ከዚያ በታች፣ 1250 አካባቢ፣ ጥሩ ቫኪዩም ውስጥ በደንብ ይተናል። ስለዚህ ታንታለም ከሚባለው ሙቀት ቻይ ብረት በተሠራ ዕቃ ውስጥ አስገብቶ ማትነን፣ ተኑንም ከላይ መሰብሰብ ነው፤ ኦክሳይዱ፣ ማለትም ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደው፣ ታች ይቀራል። መጀመሪያ የሚወጣውን ይለዩት፣ ካልሲየም ካለ አብሮት ይወጣል። አይቸኩሉ። ተኑ የሚያርፍበትን ክፍልም በጣም አያቀዝቅዙት። እኔ አቀዝቅዤው ብረቱ እንደ ላባ ሆኖ ተከመረ፤ ገና ትኩስ ሳለ ክዳኑን ስከፍት ዓይኔ እያየ ተቀጣጠለ። የሁለት ቀን ሥራ ነበር። ሞቅ ያለ ቦታ ላይ ሲያርፍ ጥቅጥቅ ያለ ብረት ይሆናል።

ኒዮዲሚየም በዚህ መንገድ አይሆንም። ተኑ የሚበቃ እስኪሆን ድረስ ከቀለጠ በኋላ ብዙ ማጋል ያስፈልጋል፤ በዚያ ሙቀት ታንታለሙም እየሟሟ ይገባበታል። እኔ የሚሻለኝ ካልሲየም ነው። ካልሲየም ኦክስጅኑን የሚነጥቀው በጠባብ ብልጫ ስለሆነ ብቻውን ቶሎ ይቆማል። ቀልጦ የተዘጋጀ ካልሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ሲጨመር ግን የሚፈጠረው ካልሲየም ኦክሳይድ ጨው ውስጥ ስለሚሟሟ ሥራው ይቀጥላል። ኒዮዲሚየም 1021 ላይ ይቀልጣል፤ 1050 ላይ ብረቱም ጨውም ፈሳሽ ናቸው፣ ብረቱም ከብዶ ታች ይዘቅጣል። ከበረደ በኋላ ጨውን በመዶሻ እንጂ በውኃ አያላቁት፣ ውኃ ብረቱን ይበላዋል። የተረፈው ካልሲየም ብረቱ ቫኪዩም ውስጥ ሲቀልጥ ይተናል።

ሥራውን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ጨው ነው። ካልሲየም ክሎራይድ እርጥበት ይስባል፤ ቫኪዩም ውስጥ ቀስ ብሎ ካልደረቀ ኦክስጅንም ሃይድሮጅንም ይዞ ይገባል። ግራፋይት ዕቃ ርካሽ ነው ብለው እንዳይሞክሩ፣ ካርቦኑ ገብቶ ይቀራል።

ኦክስጅኑን ከዚህም በታች ለማውረድ ብረቱን በዘንግ መልክ አድርጎ፣ ሊቀልጥ ሲቃረብ ኤሌክትሪክ እያሳለፉ ቆሻሻውን ወደ አንድ ጫፍ መግፋት ይቻላል፤ ሳምንታት ይወስዳል፣ ለማግኔት ሥራም አያስፈልግም።

ለምርመራ ሲልኩ ዱቄት አይላኩ። ጥቅጥቅ ያለ ቁራጭ ይሁን፤ ላዩን በሞረድ አርጎን ውስጥ ጠርገው ወዲያው ያሽጉት። አለዚያ የሚለካው የላዩ ዝገት ነው።