መጀመሪያ ለአርባዎቹ ደውዪላቸው

የዛሬው ደብዳቤ ከጅማ ነው። ጸሐፊዋ 27 ዓመቷ ነው፤ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በሶሾሎጂ ተመርቃ፣ አረጋውያንንና ወላጅ ያጡ ልጆችን በሚደግፍ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ ለአራት ዓመት የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ ሆና ሠርታለች። እንዲህ ትላለች፦

«ባለፈው ዓመት 60 በጎ ፈቃደኞች መዝግቤ ነበር፤ ዛሬ የሚመጡት 20 ናቸው። ሰው ስለማስተባበር አንድም ቀን አልሠለጠንኩም። ኃላፊያችንን ስጠይቃቸው ‹ለሠራተኛ ሥልጠና በጀት የለም› ይሉኛል። አዲስ አበባ ባንክ ቤት የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ኤምቢኤ ከተማርኩ ክፍያውን እንደሚችልልኝና ከዚያ ባንክ እንደሚያስገባኝ ነግሮኛል። እናቴ ደግሞ ‹በነጻ ለሚሠሩ ሰዎች አለቃ መሆን ምን ሙያ ነው› ትለኛለች። ከአሜሪካ ለበጎ ፈቃደኛ አስተባባሪዎች የሚሰጥ ሲቪኤ የሚባል ሰርተፍኬት እንዳለም ሰምቻለሁ። ኮንትራቴ ሰኔ 30 ያልቃል። ምን ይምከሩኛል?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ ብዙ ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን ያልጠየቅሽው ነው። 60 መዝግበሽ 20 ከቀሩሽ አርባ ሰው ሄዷል ማለት ነው። ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ባንኩ፣ ስለ ሰርተፍኬቱ ዘርዝረሽ ጽፈሻል። አርባዎቹ ምን እንደሆኑ የምትናገር አንዲት መስመር ግን የለችም። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እኔም በአንቺ ዕድሜ አስተባባሪ ሳለሁ አልጠየቅሁም ነበር።

አንዱን ልንገርሽ። 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ነበር፤ ተመዝግቦ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። እኔ የዱቄት ርክክብ ላይ ስለነበርኩ በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ «ትንሽ ጠብቀኝ» ብዬ አስቀመጥኩት። ከዚያ ረሳሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲቀር በመዝገቡ ላይ ከስሙ ጎን «ፍላጎት የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ከአራት ወር በኋላ አጂፕ ሰፈር ባጃጅ ስገባ ሾፌሩ እሱ ነው። ለምን እንደቀረ ጠየቅሁት። «እትዬ፣ ያን ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩ እኮ። ማንም ሥራ አልሰጠኝም። እንደማልፈለግ ገባኝና ሄድኩ» አለኝ። ከዚያ ደብተር ላይ ያቺን ሁለት ቃል ሰርዤ ብጽፍም ልጁን አልመለሰውም።

ያን ጊዜ ሰባት የሥልጠና ሰርተፍኬት ነበረኝ። ሰባቱም ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተገኙ ናቸው፦ ሁለት ቀን፣ ፎልደርና እስክሪብቶ፣ በመጨረሻው ከሰዓት የአበል ፊርማ። ስለ አመራር፣ ስለ ተግባቦት፣ ስለ ፕሮፖዛል አጻጻፍ ተነግሮኛል። በመጀመሪያው ቀን የሚመጣን ሰው ማን ይቀበለው፣ ምን ይስጠው የሚለውን ግን ከሰባቱ አንዱም አላነሳውም። ለዚህ ነው «አልሠለጠንኩም» የሚለው ቃልሽ ልቤን የነካው። በአገራችን ድርጅቶች በጎ ፈቃደኛውን ያሠለጥናሉ፣ ዳይሬክተሩን ያሠለጥናሉ፤ መሐል ላይ ሆና ሁለቱን የምታገናኘውን ሴት ግን ማንም አያስታውሳትም። ይህ በደል ነው። መፍትሔው ግን ያገኙትን ሥልጠና ሁሉ ማሳደድ አይደለም።

ስለዚህ ከማንኛውም ሥልጠና በፊት ለአርባዎቹ ደውዪላቸው። ደብተር ግዢ፣ በቀን ለሁለትና ለሦስት ሰው ደውዪ፤ በሦስት ሳምንት ያልቃል። «ለምን ቀረህ?» ብለሽ አትጀምሪ፤ ክስ ይመስላል። «መጨረሻ የመጣህበት ቀን ምን ሠራህ?» በዪ። የመጀመሪያው መልስ «ትንሽ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ወይም «አሞኝ ነበር» ይሆናል፤ ይሉኝታ ነው፣ እዚያ ላይ ስልኩን አትዝጊ። «ከዚያ በፊትስ እንዴት ነበር?» ብለሽ ዝም በዪ። እውነቱ ከዝምታው በኋላ ይመጣል። በአፋን ኦሮሞ የሚቀናውን ሰው በአፋን ኦሮሞ አናግሪ፤ ቅሬታውን በአማርኛ የሚያለሳልስ ሰው በቤቱ ቋንቋ ፍርጥ አድርጎ ይነግርሻል። የሚሉትንም በራሳቸው ቃል ጻፊው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሽ ሲቢቲፒ (ማኅበረሰቡ መሐል ገብቶ የመማር ፕሮግራም) ወጥተሽ፣ መጠይቅ ይዘሽ ቤት ለቤት ዞረሽ ይሆናል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ማኅበረሰቡ መሐል አውጥቶ ማስተማርን መለያው ያደረገ ተቋም ነው። እንግዲያው ሰው ጠይቆ መስማትን ተምረሽዋል፤ ያኔ ለውጤት ሠራሽው፣ አሁን ለሙያሽ ሥሪው።

የምትሰሚውን ከወዲሁ ልገምት። አንዳንዶቹ እንደዚያ ልጅ ሥራ ሳይሰጣቸው የዋሉ ናቸው። አንዳንዶቹ የባጃጅ ሒሳቡ ከኪሳቸው ሲወጣ ከብዷቸው ለመናገር ያፈሩ ይሆናሉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የጠፉትን ስትጠይቂ «ቡና ለቀማ ገብተን ነበር» ይሉሻል፤ ወላጆቻቸው ማሳ ያላቸው ልጆች በዚያ ወቅት አይገኙም፣ ሊገኙም አይገባም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹም ትምህርት ሲዘጋ በየአገራቸው ይበተናሉ፤ በዚያው ሰዓት የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እረፍት ላይ ናቸው። ረመዳን ላይ ከሰዓት በኋላ የሚመደብ የጉልበት ሥራ ሰው አያገኝም። ይህን የጅማን የዓመት አቆጣጠር አዲስ አበባ ያለ አሠልጣኝ አያውቀውም። አንቺ ግድግዳሽ ላይ መለጠፍ አለብሽ።

ሌላም አለ፤ እሱን ስትሰሚ እንዳትደነግጪ። በየሳምንቱ ይጠይቋቸው የነበሩ አዛውንት ሞተው ያገኙ ልጆች ይኖራሉ። አንድ ቀን ዳቦ ይዘው ሄደው ጎረቤት «ትናንት ቀበርናቸው» ያላቸው። ወደ ቢሮ ተመልሰው ለማንም አልተናገሩም፤ ከቢሮም ማንም «እንዴት ነህ» አላላቸውም። ልቅሶ ደርሰው ያላለቀሱ ልጆች ናቸው። ከእነዚህ ጋር ስልኩ ይረዝማል። ይርዘም።

ሥልጠናሽን የሚመርጥልሽ ይህ ደብተር ነው። «ሥራ አልሰጡኝም» የሚለው ከበዛ፣ የሚያስፈልግሽ የሥራ ዝርዝር መጻፍና የመጀመሪያ ቀን አቀባበል ማዘጋጀት ነው፦ በአንድ ገጽ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ችግር ሲያጋጥመው ለማን እንደሚደውል። የሐዘኑ ነገር ከበዛ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዕርዳታ ተማሪ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽን የኦንላይን መማሪያ አለው፤ በዚህም ላይ፣ በጎ ፈቃደኛን በማስተባበርም ላይ በነጻ ትማሪያለሽ። ካያ የሚባለውም የኦንላይን መማሪያ መድረክ እንደዚሁ በነጻ ነው። ልጆች ጋ ሰው የምትልኪ ስለሆንሽ የልጆች ደኅንነት ጥበቃን ግን ደብተርሽ ምንም ይበል ምን ግዴታ ተማሪ። ማንን ቤት ውስጥ ከልጅ ጋር ብቻውን እንደምትተዪ ሳታጣሪ መመዝገብ አደጋ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ በጎ ፈቃደኛ ሲያሰልፍ የኖረ ነው። የጅማ ቅርንጫፉ ሄደሽ በጎ ፈቃደኞቻቸውን እንዴት እንደሚመዘግቡና እንደሚከታተሉ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። ግማሽ ቀን እዚያ መቀመጥ ከአንድ አዳራሽ ሥልጠና ይበልጣል።

አሁን ወደ ኃላፊሽ። «በጀት የለም» ሲሉሽ አትመለሺ። በ2011 የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ከዚያ በፊት በ2001ዱ አዋጅ ጣሪያው ከዓመቱ ወጪ 30 በመቶ ነበር። ብዙ ኃላፊዎች ይህን ጣሪያ እየፈሩ «ሥልጠና» የሚለውን ቃል ሲሰሙ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ነገር ግን አዋጁ የአስተዳደር ወጪ የሚለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘውን፣ ድርጅቱን ለማቆየት የሚወጣውን ነው። አረጋውያን የሚጠየቁት በበጎ ፈቃደኞች ከሆነ፣ የእነሱ አስተባባሪ መሠልጠን የፕሮጀክቱ ሥራ ነው። በሚቀጥለው ፕሮፖዛል ላይ ራሱን የቻለ የበጀት መስመር ሆኖ ይግባ፤ የበጎ ፈቃደኞቹ ትራንስፖርትም እንደዚሁ። ስትጠይቂ ደብተሩን ይዘሽ ግቢ። «ከአርባ ሰው ይህን ያህሉ በዚህ ምክንያት ሄዷል፤ ይህን ለማስቆም ይህ ያስፈልገኛል» የምትል ሠራተኛን ማባረር ይከብዳል። በዚያው ቀን የደመወዝ ጭማሪም ጠይቂ። ደመወዝሽ ስንት እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፤ በአራት ዓመት ውስጥ ካልጨመረ ግን ድርጅቱ በጎ ፈቃደኛ ያደረገሽ አንቺንም ነው።

ለእናትሽ ይህን መልሺላቸው። የዕድር አባል ከሆኑ፣ የዕድሩን ዳኛና ጸሐፊ ሥራ አይተዋል። ድንኳን የሚተክለው፣ ዕቃ የሚያወጣው፣ ወንበር የሚደረድረው ማንም ደመወዝ አይከፈለውም። ቢሆንም በሌሊት እንኳ ሁሉም ቦታውን ያውቃል፤ የቀረ ስሙ ይጠራል፣ ይቀጣል፤ የታመመ ይጠየቃል። አንድ ሰው አስቦ ስላደራጀው ነው። ያ ሰው ባይኖር ዕድሩ በስድስት ወር ይፈርሳል። ይህ ሙያ በዓለም ላይም የራሱ ቀን አለው፦ በፈረንጆች ኖቬምበር 5 የበጎ ፈቃደኛ አስተባባሪዎች ቀን ተብሎ ይከበራል፤ ልክ በወሩ ዲሴምበር 5 ደግሞ የበጎ ፈቃደኞቹ ቀን ነው። እናትሽ ስለ ገንዘቡ ከሆነ የሚጨነቁት ግን እውነታቸውን ነው፤ ያንን በክብር ስሚያቸው፣ ሌላውን አትቀበዪ።

ወንድምሽ ላይ ትንሽ ልክረር። የሚሰጥሽ ስጦታ አይደለም፤ ውል ነው። ኤምቢኤውን የሚከፍልልሽ ባንክ እንድትገቢ ነው። ሁለት ዓመት በእሱ ብር ተምረሽ ስታበቂ «ባንኩ ይቅርብኝ» ማለት ትችያለሽ? በእኛ ቤት እንዲህ የሚባል ነገር የለም፤ ቤተሰብ ይቀየማል፣ አንቺም ዕዳ ተሸክመሽ ትኖሪያለሽ። ባንክ መግባት ነውር አይደለም። የምትፈልጊው ከሆነ ዛሬውኑ ሂጂ፣ ያለ ኤምቢኤም የሚገባበት የሥራ መደብ አለ። ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ስለ ባንክ ሥራ የጻፍሽው ሁሉ የወንድምሽ ቃል ነው። ወንድምሽን «አመሰግናለሁ፤ ልትረዳኝ ካሰብክ የስድስት ወር የኢንተርኔት ሒሳቤን ቻልልኝ» በዪው። ፍቅሩ ለአንቺ ከሆነ ይችላል።

ማስተርስ አትማሪ አላልኩም፤ አሁን አትማሪ። እኔ የተማርኩት ሥራ በጀመርኩ በዘጠነኛው ዓመት ነው፤ ክፍል ውስጥ መምህሩ የሚለውን ሁሉ ከማውቀው ሰው ፊት ጋር ማያያዝ እችል ነበር። አጠገቤ ከዲግሪ በቀጥታ የመጡት ልጆች በቃላቸው ያጠኑ ነበር። አንቺም ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተሽ፣ በራስሽ ወይም በድርጅት ገንዘብ፣ የምትፈልጊውን ትምህርት ራስሽ ትመርጪያለሽ።

ሲቪኤውን አሁን ተዪው። ቢያንስ የሦስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ ያንን ታሟያለሽ። ክፍያው ግን በዶላር ነው፣ እዚህ አገር በወጣ የሥራ ማስታወቂያ ላይም ሲጠየቅ አላየሁም።

ሲቪሽን ሰኔ ሳይገባ አዘጋጂ። «60 በጎ ፈቃደኞችን አስተባብሬያለሁ» ብለሽ አትተዪው፤ ያ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። ስንቱ እንደሄደ፣ ለምን እንደሄደ እንዴት እንዳወቅሽ፣ ከዚያ ምን እንደለወጥሽ፣ ስንቱ እንደተመለሰ ጻፊ። ጭማሪውንም ሥልጠናውንም ከከለከሉሽ ኮንትራቱን አታድሺ፤ ያንን ሲቪ ይዘሽ ጅማም አጋሮም ወዳሉ ሌሎች ድርጅቶች ሂጂ። በማስታወቂያው ላይ «ቮለንቲር ኮኦርዲኔተር» የሚል ካጣሽ «ኮሚዩኒቲ ሞቢላይዘር» ወይም «ኬዝ ወርከር» የሚለውን ተመልከቺ፤ ሥራው ቅርብ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አሥር ስልኮች ስትጨርሺ ጻፊልኝ። ከአሥሩ ስንቱ የመጀመሪያ ቀን ሥራ ሳይሰጠው እንደተመለሰ ማወቅ እፈልጋለሁ።