አሸዋውን ነው የምትመዘግቢው

«ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ የድሬዳዋን የጎርፍ መውረጃዎች ልመዘግብ ደቻቱ ወንዝ ሄድኩ፤ ያገኘሁት ግን ደረቅ አሸዋ ብቻ ነው፤ ምኑን ልመዝግብ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ።

እሱኑ አሸዋ መዝግቢ። ደቻቱ ውሃ ይዞ የሚታየው ጎርፍ ሲመጣ ለጥቂት ሰዓታት ነው። ውሃውን ብቻ ከጠበቅሽ ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ። ጥሎት የሄደው ነገር ግን ለሳምንታት እዚያው ይቆይሻል።

እኔ በደቻቱ ድልድይ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር ስሻገር ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። መጀመሪያ ዓይኔ የገባውን ሁሉ አነሳ ነበር። በኋላ ላስተያያቸው ብል አንዱ ከሌላው አልገጥም አለኝ። ስለዚህ አራት አምስት ቦታ ምረጪና እነሱ ላይ ጽኚ። ድልድዩ ላይ የትኛው ብረት አጠገብ እንደቆምሽ፣ ፊትሽን ወዴት እንዳዞርሽ ደብተርሽ ላይ ጻፊ። በወር አንዴ፣ ጎርፍ ከመጣ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት፣ እዚያው ቆመሽ አንሺ። ፎቶው ውስጥ ሁሌም የማይነቃነቅ ነገር ይግባ፤ ምሰሶ ወይ የግንብ ጥግ።

የምከታተለው አንድ ካልቨርት፣ ማለት ከመንገድ ስር ያለ የውሃ ማሳለፊያ፣ አለ። መጀመሪያ ሳየው ቆሜ እገባበት ነበር። አሁን አሸዋና ቆሻሻ ሞልቶት ጎንበስ ብዬም አልገባም። ጠራጊ አላየሁበትም፤ ያናድደኛል። ፎቶዎቹን በተርታ ስታዪያቸው ግን ማንም ሊክደው አይችልም።

የጎርፍ ማግስት ዋናው ቀንሽ ነው። የጋቢዮኑ (ወንዙ ዳር የተደረደረው ድንጋይ የታጨቀበት የሽቦ ሳጥን) ሽቦ ላይ ፌስታል፣ ጭራሮና የሃይላንድ ፕላስቲክ ተሰክቶ ታገኛለሽ። ከሁሉ ከፍ ብሎ የተሰካው ውሃው የደረሰበትን ይነግርሻል። ስትለኪ ግን ከአሸዋው ተነስተሽ ወደ ላይ አይሁን፤ አሸዋው ራሱ በየጎርፉ ከፍ ዝቅ ይላል። ከድልድዩ ወለል ወደ ታች ለኪ። ጭቃውም ይናገራል። ውሃው ረግቶ በተኛበት ቦታ ደቃቅ ጭቃ ይቀራል፤ ሲደርቅ እንደ ቂጣ ይሰነጠቅና ጠርዙ ይጠቀለላል። ድንጋይና ጠጠር የተከመረበት ደግሞ ጉልበት የነበረበት ነው። አሸዋ ጫኞች የቆፈሩትን ጉድጓድ አይተሽ ጎርፉ ነው እንዳትይ፤ የአካፋ ጠርዝና የመኪና ጎማ ፈልጊ።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን ልንገርሽ። ድሬ ላይ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የሚጥለው በስተደቡብ ደንገጎ በኩል ባለው ተራራ ነው። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ተራራው ከ2,000 ያልፋል። ቁልቁለት ስለሆነ እዚያ የወረደው ዶፍ ሳይቆይ ከተማ ይገባል። አንድ ቀን አሸዋው ላይ ቆሜ ስለካ፣ አጠገቤ የዘረጉ ነጋዴዎች ሸራቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እነሱ ግን ደንገጎ ላይ የጠቆረውን አይተዋል። ተከትያቸው ወጣሁ። ትንሽ ቆይቶ የከባድ መኪና የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ አረፋና እንጨት የሚገፋ ቡናማ ውሃ። አቦ፣ በክረምት ወንዙ ውስጥ ገብተሽ አትለኪ! ከሐረር የሚመጡ የሚኒባስ ሾፌሮችን «ደንገጎ እየዘነበ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የነገሩሽን ሰዓትና ውሃው ድልድዩ የደረሰበትን ሰዓት ጻፊ። ለፕሮጀክትሽ ትልቅ መረጃ ነው።

የ1998ቱን ጎርፍ ሳትጠይቂ አትቀሪም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ ሰው በተኛበት ነው የመጣው። ከ250 በላይ ሰው ሞቷል። ያኔ የነበሩ ሰዎች ውሃው የት እንደደረሰ በትክክል ያስታውሳሉ። ግን ስልክሽን ደግነሽ አትጀምሪ። ደቻቱ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ሁለት ጊዜ ሄጄ ስለ ጎርፉ ምንም አልጠየቅኩም። በሦስተኛው ራሳቸው ተነስተው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። «እዚህ ድረስ» አሉኝ። ከራሴ በላይ ነበር። ሜትሬን ያወጣሁት ቡናው አልቆ፣ «ልለካው እማማ?» ብዬ አስፈቅጄ ነው።