ስለ «ጉብታው ሰዎች» የፍቅር ልብ ወለዶች ጠይቁኝ

ዋርካ ስር፦ ቃል በገባሁት መሠረት መጥቻለሁ። የሌሊት ፈረቃ ስላለብኝ የምቆየው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ርእሱ ከተረትና ከአየርላንድ አፈ ታሪክ የተቀዱ የፍቅር ፋንታሲ ልብ ወለዶች ናቸው፤ «የጉብታው ሰዎች» የምላቸው እንግሊዞች «ፌሪ» የሚሏቸውን ስውር ፍጡሮች ነው። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ አየርላንድና ስኮትላንድ አንድ አገር አይደሉም። ስሞቹን እንደ እንግሊዝኛ አታንብቧቸው። ፒዲኤፍ የለኝም።

የማታ አንባቢ፦ ከየት ልጀምር?

ዋርካ ስር፦ እስካሁን ምን አንብበሻል? ምን ትወጃለሽ? ዝም ብሎ «ከየት ልጀምር» ለሚል ሰው መልስ የለኝም።

የማታ አንባቢ፦ ይቅርታ። ልጅ ሆኜ የግሪም ወንድማማቾችን ተረት እወድ ነበር። በተለይ ወደ ስዋንነት፣ ማለትም ወደ አንገተ ረጅም ነጭ የውሃ ወፍነት፣ የተለወጡትን ስድስት ወንድሞች።

ዋርካ ስር፦ እንዲህ በይኝ እንጂ! የጁልየት ማሪሊዬን «የደን ልጅ» ፈልጊ፤ በ1999 የወጣ ነው። ደራሲዋ የኒውዚላንድ ተወላጅ ናት፣ የምትኖረው አውስትራሊያ ነው። እህትዮዋ ስድስቱን ወንድሞቿን ከስዋንነት ለማዳን አንድ ቃል ሳትተነፍስ ሸሚዝ መሥራት አለባት። አፏን መክፈት የማትችል ልጅ ከሰው ጋር እንዴት ትዋደዳለች? የመጽሐፉ ጉልበት ያለው እዚያ ላይ ነው። አጥንቱ የጀርመን ተረት ቢሆንም ቦታው የድሮዋ አየርላንድ ናት፤ አየርላንዶች ደግሞ የራሳቸው የስዋን ታሪክ አላቸው። የሊር አራት ልጆች እንጀራ እናታቸው ረግማቸው በሦስት ውሃ ላይ ሦስት ሦስት መቶ ዓመት፣ በድምሩ ዘጠኝ መቶ ዓመት ኖሩ። የሚያድናቸው ሸሚዝ የለም። ሰው ሆነው ሲመለሱ የጃጁ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ተጠምቀው ይሞታሉ። ይህን አውቀሽ ልብ ወለዱን ስታነቢ ደራሲዋ ለምን ወደ ጀርመኑ እንዳዘነበለች ይገባሻል። አንድ ነገር ግን እወቂ፤ ልጅቷ የምትደፈርበት ከባድ ምዕራፍ አለው።

ጎሽ፦ ፒዲኤፉን ላኪልን እስቲ።

ዋርካ ስር፦ መግቢያዬን አንብብ።

ቡና በጨው፦ «ፌሪ» የሚለውን በአማርኛ ምን እንበለው? አንዱ ተርጓሚ «መልአክ» ብሎት አየሁ።

ዋርካ ስር፦ መልአክ! ሰውየውን ማን ፈቀደለት? ጂኒም አይሆንም። በአየርላንድኛ «ኤስ ሺ» ነው የሚባሉት፤ «ሺ» ጉብታ ነው፣ ከድሮ ዘመን የቀረ ሣር የለበሰ የአፈር ቁልል። ስለዚህ እኔ «የጉብታው ሰዎች» እላቸዋለሁ። የገጠሩ ሰው ግን በስማቸው አይጠራቸውም፤ ሰምተው እንዳይቀየሙት «ደጋጎቹ» ይላል። ደግ ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ። ክንፍም የላቸውም፣ ክንፉ የእንግሊዝ ሠዓሊዎች ሥራ ነው። ብረት ይፈራሉ። እናቴ ታናሼን ወልዳ አራስ ሳለች ትራስዋ ስር ቢላ ነበር፣ ደጅ ስትወጣም ብረት ሳትይዝ አትወጣም። አየርላንድ ስመጣ አሮጊቶቹ በሕፃኑ አልጋ ላይ የምድጃ ጉጠት ያጋድሙ እንደነበር ሰማሁና ቤቴ ያለሁ መሰለኝ። በልብ ወለዶቹ ውስጥ ጀግናዋ ጩቤ ስትታጠቅ ለጌጥ እንዳይመስላችሁ።

ደብር አጥር፦ ይቅርታ እህቴ፣ ይሄ ነገር መንፈስ መጥራት አይሆንም ወይ? ለወጣቶች ደግ አይመስለኝም።

ሽሮ ፈሰስ፦ ወንድሜ፣ የእኛስ ዛር? ሔዋን ሠላሳ ልጅ ነበሯት፣ እግዜር ሊቆጥር ሲመጣ አሥራ አምስቱን ቆንጆዎች ደበቀች፣ የተደበቁት ዛር ሆነው ቀሩ ይባላል።

ደብር አጥር፦ የት ተጽፎ? ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍና ቁጥር ጥቀስልኝ።

ሽሮ ፈሰስ፦ አያቴ ናት የነገረችኝ።

ደብር አጥር፦ አያትህ ኦሪት አይደለችም።

ሽሮ ፈሰስ፦ አያቴን ተው!

ዋርካ ስር፦ ሁለታችሁም ተዉ። የሽሮ ፈሰስ አያት ታሪክ ወንድም አለው፣ ግን አየርላንድ ውስጥ አይደለም። አይስላንዶች ሔዋን ገና ያላጠበቻቸውን ልጆች ደበቀች፣ ስውሮቹ ሰዎች ከነሱ መጡ ይላሉ። የአየርላንዶቹ ሌላ ነው፤ የጉብታው ሰዎች ከሰማይ የተጣሉ፣ ለገሃነም ግን ያልበቁ መላእክት ናቸው የሚሉ አሉ። ስለ ኃጢአቱ የንስሐ አባትህን ጠይቅ፣ እኔ ነርስ ነኝ።

የዲሲዋ፦ የሳራ ጄ. ማስ የእሾህና የጽጌረዳው መጽሐፍ የአየርላንድ ነው አይደል? እዚህ ጓደኞቼ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት።

ዋርካ ስር፦ አይደለም። አየርላንድና ስኮትላንድ አንድ አይደሉም ብያለሁ። የ2015ቱ መጽሐፍ ግማሹ «ውቢትና አውሬው» ነው፣ እሱ የፈረንሳይ ነው፣ በ1740 የታተመ። ሌላው ግማሽ «ታም ሊን» የሚባል የስኮትላንድ ጠረፍ ዘፈን ነው፤ ስሙ በ1549 መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። «የተባረከውና ያልተባረከው ቤተ መንግሥት» የሚባለው የጉብታው ሰዎች ክፍፍልም ስኮትላንዳዊ ነው። በማስ ካርታ ላይ የክፉው ንጉሥ ደሴት «ሃይበርን» ይባላል፤ ሮማውያን አየርላንድን ምን ብለው ይጠሯት እንደነበር ፈልጊና ፍረጂ።

ታም ሊንን ካነሳሽ ግን አልለቅሽም። የጉብታው ንግሥት የወሰደችው ወጣት ነው፤ አንዲት ልጅ ከሱ ትፀንሳለች። በጥቅምት መጨረሻ ሌሊት፣ አየርላንዶች «ሳውን» በሚሉት በዓል ዋዜማ፣ መንገድ ዳር አድፍጣ ከነጭ ፈረስ ላይ ጎትታ ታወርደዋለች። በእቅፏ ውስጥ አውሬ ይሆናል፣ የጋለ ብረት ይሆናል፣ አትለቀውም። የዛሬ ልብ ወለዶች «ጠንካራዋ ጀግና» የሚሏት ቅድመ አያቷ ይህች ናት። ነጩን ፈረስ አየርላንድም ታገኚዋለሽ። ኒቭ የምትባል የወጣትነት አገር ልጅ ኦሺን የሚባለውን ጀግና በአምባላይ ጭና ወደ አገሯ ወሰደችው፤ ሦስት ዓመት የመሰለው ሦስት መቶ ነበር። ለጉብኝት ሲመለስ ድንጋይ ሊያነሳ ጎንበስ አለ፣ የኮርቻው መቀነቻ ተበጠሰ፣ መሬት ሲነካ ጃጀ።

ሽሮ ፈሰስ፦ ነጭ ፈረስ ያለው ጊዮርጊስ ነው!

ደብር አጥር፦ አሁን ገና እውነት ተናገርክ።

ዋርካ ስር፦ ሳቁ። የምነግራችሁ ግን አያስቅም። በ1895 ቲፐራሪ ውስጥ ብሪጅት ክሊሪ የምትባል ልብስ ሰፊ ታመመች። ባሏ ማይክል «አልጋ ላይ ያለችው ሚስቴ አይደለችም፣ የኔዋን የጉብታው ሰዎች ወስደው ሌላ ተክተውብኛል» አለ። ዘመድና ጎረቤት ባለበት ቤት ውስጥ አቃጠላት። ከዚያ ጥቁር እጀታ ያለው ቢላ ይዞ ከድሮ የአፈር ካብ ዳር አደረ፤ ሚስቱ በነጭ ፈረስ ተቀምጣ ስትወጣ የታሰረችበትን ገመድ በጥሶ ሊያወርዳት። አስከሬኗ መጋቢት ውስጥ ጥልቀት ከሌለው ጉድጓድ ወጣ። ፍርድ ቤት 20 ዓመት ፈረደበት፣ በ1910 ተፈታ። በታም ሊን ዘፈን ፍቅር የሆነውን ሰውየው ሊኖረው ሞከረ። «ተለዋጭ ሕፃን»፣ «የተተካች ሚስት» የሚል ልብ ወለድ ባነበብኩ ቁጥር ደራሲው ይህን ማወቅ አለማወቁን ነው የማየው፤ ከሦስተኛው ምዕራፍ ያስታውቃል።

የማታ አንባቢ፦ ዛሬ መብራት ሳላጠፋ ነው የምተኛው።

ጎሽ፦ የክሊሪውን ፒዲኤፍ ማግኘት ይቻላል?

ዋርካ ስር፦ …

ጀማሪ ጸሐፊ፦ እኔ አንድ እየጻፍኩ ነው። የጉብታው ልዑል ደብሊን ያለች ሐበሻ ልጅ ይወዳል፤ ጠልፎ ይወስዳታል፣ በመጨረሻ ትወደዋለች። አስተያየት?

ዋርካ ስር፦ ጠለፋውን ከእኛ አመጣሽው መሰለኝ፤ እባክሽ ተዪው፣ ስንት እህቶቻችን አልቅሰውበታል። አየርላንድ ብትጠይቂያት የተሻለ ትሰጥሻለች። ግሮንያ የምትባል የንጉሥ ልጅ ለሽማግሌው የጦር አለቃ ለፊን ታጨች። በድግሱ ላይ ለእንግዶቹ የእንቅልፍ መጠጥ አጠጣችና የፊንን ተዋጊ ዲርሚድን ገዘተችው፦ «ዛሬ ሌሊት ይዘኸኝ ካልወጣህ…»። ቃሉ «ጌሽ» ነው፣ እኔ ሳልፈራ «ግዝት» ብዬ እተረጉመዋለሁ፤ የኛም ሽማግሌ ሲገዝት ሰውዬው ወዶ ሳይሆን ፈርቶ ነው የሚታዘዘው። ዲርሚድ በጌታው ላይ መክዳት አይፈልግም፣ ግዝቱን ማፍረስም አይችልም። ከዚያ በኋላ ሽሽት ነው፤ ምግብ ባበሰሉበት አይበሉም፣ በበሉበት አይተኙም። በብዙ ቦታ ያሉ የጥንት የድንጋይ መቃብሮች ዛሬም «የዲርሚድና የግሮንያ አልጋ» ይባላሉ። ሲሞትም ሊያድነው የሚችለው ከፊን እጅ የሚጠጣ ውሃ ብቻ ነበር፣ ፊን ግን ውሃውን በጣቶቹ መሃል አፈሰሰው። ልዑልሽ ልጅቷን ምን ብሎ ነው የገዘታት?

ጀማሪ ጸሐፊ፦ ምንም። ቆንጆ ነው።

ዋርካ ስር፦ እንግዲያው ገና አልጀመርሽም።

ቡና በጨው፦ ደራሲ ለመሆን አየርላንዳዊ መሆን ያስፈልጋል?

ዋርካ ስር፦ አያስፈልግም። ከላይ ስለ ኒውዚላንዷ ብያለሁ።

የዲሲዋ፦ የትኛው ተከታታይ ነው ብዙ ፍቅር ያለው? ማለቴ… ገብቶሻል።

ዋርካ ስር፦ ገብቶኛል። ሌላ ሰው ጠይቂ።

ልወጣ ነው። ጎሽ፣ አንተን ግን ዝም ብዬ አልሄድም። ከ1937 እስከ 1939 የአየርላንድ የትምህርት ቤት ልጆች ከአያቶቻቸው ተረት እየጠየቁ በደብተር ጽፈው ነበር፤ 50,000 ያህል ልጆች ናቸው። የእጅ ጽሑፉ «ዱካስ» በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ። ደራሲዎቹ የሚቀዱት ከዚያ ዓይነቱ ጉድጓድ ነው።

ጎሽ፦ አመሰግናለሁ እህቴ። በአማርኛ ተተርጉሟል?