የትኛውን ልሰርዝ?

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ ወጣት በስልኬ መልእክት ላከልኝ። ልጁን አላውቀውም፤ ቁጥሬን ከሥራ ባልደረባው እንዳገኘ ጽፏል። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ጋሼ፣ የዳታቤዝ ሰርቨሩ ዲስክ ሞልቶ ሥራ ቆሟል። ቦታ እንዲገኝ የትኛውን ፋይል ልሰርዝ?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ተነሣሁ። ያን ዕለት ደሴ በጉም ተሸፍና የጦሳ ተራራ ከመስኮቴ አይታይም ነበር። ባለቤቴ ቶናውን ቀድታ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ምንም አልኳት። ይኸው ጥያቄ በሚያዝያ 2003 ዓ.ም. በስልክ ቀርቦልኝ ነበር። ያኔ የመለስኩት መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለልጁ መልሱን ከላክሁለት በኋላ ለእናንተም ለመጻፍ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው።

በዚያን ጊዜ ኮምቦልቻ ውስጥ የአንድ የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ማኅበር ሰርቨር ኃላፊነቱ የእኔ ነበር። ቤቴ ደሴ ስለሆነ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። ሰርቨሩ የተቀመጠው ቀድሞ የጽሕፈት ዕቃ መጋዘን በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። የኮምቦልቻን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ማቀዝቀዣ ስላልነበረን በሩን በድንጋይ ደግፈን አንድ የጠረጴዛ ማራገቢያ እናዞርበት ነበር። ሊኑክስ በሚባለው የማሽኑ ማስኬጃ ሥርዓት ላይ የተጫነ ማይኤስኪውኤል 5.1 የሚባል የዳታቤዝ ፕሮግራም ነበር የምንጠቀመው።

አብራኝ የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች። ከኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቃ በኮንትራት የተቀጠረች ናት። የተቀጠረችበት ሥራ መረጃ ማስገባት ቢሆንም ስለ ሰርቨሩ ያልጠየቀችኝ ነገር አልነበረም። መልሴን ሁሉ ባለ መስመር ደብተር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ትጽፍ ነበር፤ ገጹን ለሁለት ከፍላ በግራ በኩል ትእዛዙን፣ በቀኝ በኩል በአማርኛ ትርጉሙን።

ቅዳሜ ነበር፤ ደመወዝ የተከፈለበት ሳምንት። አባላቱ ደብተራቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተሰልፈዋል። እኔ ደሴ ለቅሶ ላይ ነኝ። ስልኬ ጮኸና ከድንኳኑ ወጣሁ።

«ጋሼ ይቅርታ፣ ለቅሶ ላይ መሆንዎን አውቃለሁ። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ቆሙ። ስህተትም አይሰጡም፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ዲስኩ መቶ በመቶ ሞልቷል ይላል።»

ልጅቷ በትክክል ነበር የገለጸችው። ማይኤስኪውኤል ሎጉን፣ ማለትም የለውጦቹን መዝገብ፣ የሚጽፍበት ቦታ ሲያጣ ወዲያው አይወድቅም። በየደቂቃው ቦታ ተገኝቶ እንደሆነ ይፈትሻል፤ በየ10 ደቂቃውም በስህተት መዝገቡ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ማለትም ይጠብቅ ነበር። ጊዜ ነበረን። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር።

«ምን ምን ፋይል አለ?» አልኳት። ታነብልኝ ጀመር። አይቢዳታ አንድ። አይቢ ሎግፋይል ዜሮ። አይቢ ሎግፋይል አንድ። ከዚያ ማይኤስኪውኤል ቢን የሚል ስምና ተራ ቁጥር ያላቸው ብዙ ፋይሎች። መጠናቸውን አልጠየቅኋትም። ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ ይደበድባል፣ ከውስጥ ሙሾ ይሰማል፣ እኔም ቶሎ መመለስ ፈልጌያለሁ።

«ሎግ የሚለውን ሰርዢው። ሎግ ማስታወሻ ነው፣ አያስፈልግም።»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«አዎ፣ ሰርዢው አልኩሽ።»

ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ደግማ ደወለች፤ ቦታው አልተለቀቀም። «እንግዲያውስ ቢን የሚሉትንም አጥፊያቸው። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተሽ አስነሺው፤ እምቢ ካለ ቁልፉን ተጭነሽ ያዢው» አልኳት። እንዳልኳት አደረገች።

ያጠፋነው ምን እንደነበረ ልንገራችሁ። ኢኖዲቢ የሚባለው የማይኤስኪውኤል ክፍል እያንዳንዱን ለውጥ በቅድሚያ የሚጽፈው በእነዚያ ሁለት ሎግፋይሎች ላይ ነው። ወደ ዋናው ፋይል የሚያሻግረው ቆየት ብሎ ነው። መብራት በድንገት ቢጠፋ ያልተሻገረውን የሚያሟላው ከእነሱ እያነበበ ነው። መጠናቸው ደግሞ በ5.1 ካልተቀየረ በስተቀር እያንዳንዳቸው 5 ሜጋባይት ናቸው። የሰርቨሩን ነፍስ የሰጠሁት ለ10 ሜጋባይት ነው። ዲስኩን የሞሉት ቢን የሚሉት ነበሩ፤ በዚያ ዘመን የማብቂያ ቀን ካልተሰጣቸው ያለ ገደብ ይከማቻሉ። እነሱም ቢሆኑ ትርፍ አልነበሩም። በዳታቤዙ ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ በቅደም ተከተል የያዙ ስለሆኑ ከአንድ ደህና ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ተነሥቶ እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ ያለውን ሁሉ መልሶ ለመሥራት ያስችሉ ነበር።

የበለጠ የሚቆጨኝ ይህ ነው፦ ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘው ፋይል ቢሰረዝ እንኳ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ ከዲስኩ አይወጣም። ቦታው ያልተለቀቀው ለዚህ ነበር። በዚያች ቅጽበት ሎግፋይሎቹ ከሰርቨሩ ጋር በሕይወት ነበሩ፤ ፕሮክ ከሚባለው ማውጫ ውስጥ መልሶ መቅዳትም ይቻል ነበር። «ቁልፉን ተጭነሽ ያዢው» ባልኩ ጊዜ ያ ዕድል አበቃ።

አመሻሽ ላይ ደረስኩ። የስህተት መዝገቡ ገጽ በገጽ አንድ ነገር ይደጋግም ነበር፤ የዳታው ተራ ቁጥር ከሎጉ ቀድሞ ሄዷል፣ «ወደፊት ነው» ይላል። ሌላው ቢቀር አንድ ነገር በትክክል ሠራሁ፤ ከመንካቴ በፊት ማውጫውን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ቀዳሁ። ከዚያ ኢኖዲቢን በግዳጅ የማስነሻውን ደረጃ ከ1 እየጨመርኩ ሞከርኩ። ደረጃዎቹ እስከ 6 ናቸው፤ ከ4 ጀምሮ ያለው ዳታውን ለዘለቄታው ሊያበላሽ ስለሚችል ቅጂ ሳይዙ አይሞከርም። አብዛኞቹ ሠንጠረዦች ወጡ። የገቢና የወጪው ሠንጠረዥ ግን ንባቡ መሀል ላይ በደረሰ ቁጥር ሰርቨሩ ይወድቃል።

«አብሽሩ፣ ባክአፕ አለ» አልኩ ለሥራ አስኪያጁ። የባክአፕ ማውጫውን ከፈትኩ። የየሌሊቱ ፋይል ቀኑን ይዞ ተደርድሯል፤ አንድም ቀን አልጎደለም። መጠናቸውን ሳይ ግን 20 ባይት ይላል። የቀጣዩም 20። ወደ ኋላ እየሄድኩ ስቆጥር እስከ ጥር ድረስ ሁሉም 20 ባይት። በጥር ወር የዳታቤዙን የይለፍ ቃል ቀይሬ በባክአፑ ትእዛዝ ውስጥ መቀየሩን ረስቻለሁ። ቅጂው በየሌሊቱ «አይፈቀድልህም» ተብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ መጭመቂያው ፕሮግራም ደግሞ ያንኑ ባዶ ጨምቆ ያስቀምጣል። ምንም የሌለበት ጂዚፕ ፋይል 20 ባይት ነው። ሰርቨሩም ስህተቱን በየሌሊቱ ለአስተዳዳሪው በውስጥ ፖስታ ይልክልኝ ኖሯል። ከ90 በላይ ያልተከፈቱ ደብዳቤዎች አገኘሁ።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራን። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ «ፋይሉን የሰረዘው ማነው?» አለ። ልጅቷ አየችኝ። ደብተሯ ጉልበቷ ላይ ነበር። ጠበቀችኝ፤ የምትጠብቀውን አውቃለሁ። እኔ ፊት ለፊቴ ያለውን የሻይ ብርጭቆ አየሁ።

«እኔ ነኝ የሰረዝኩት» አለች። ማን አዘዘሽ ብሎ የጠየቃት የለም። እሷም አልተናገረችም።

ለቅሶ ላይ ነበርኩ፣ በደንብ አልሰማሁም እያልኩ ለዓመታት ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። በደንብ ነበር የሰማሁት።

ከጥር ወዲህ ያለውን ሁሉ ከአባላቱ የቁጠባ ደብተር መልሰን አስገባን። ሦስት ሳምንት ፈጀ። አብዛኛውን ያስገባችው እሷ ናት፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አነብላታለሁ። የአንዱ አባል ደብተር ዘይት ፈስሶበት አንዱ ገጽ ከሌላው ተጣብቆ ነበር። ስናላቅቀው ቁጥሮቹ በማዶው ገጽ ላይ ተገልብጠው ታትመዋል። ከቦርሳዋ ትንሽ መስተዋት አውጥታ በመስተዋቱ ውስጥ እያየች አንድ በአንድ አነበበች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠን ያንን ቃል አልተናገርኩም። ኮንትራቷ ሲያልቅ አልታደሰም።

በዚያው ሥራ ላይ ሌላ ጉድ አገኘን። የማኅበሩ ፕሮግራም የእኛን ቀን እንዳለ በቀን ዓምድ ውስጥ ያስገባ ነበር። ሰርቨሩ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው፤ ሁለተኛው ወር ለእሱ ፌብሩዋሪ ነው። ስለዚህ ጥቅምት 30 የተደረገ ቁጠባ በሙሉ ቀኑ ዜሮ ሆኖ ተቀምጧል፤ ጳጉሜን ማ ይቁጠረው፣ 13ኛ ወር የሚባል አያውቅም። የዚያን ጊዜው ማይኤስኪውኤል የማይገባውን ቀን ወደ ዜሮ ለውጦ ይቀበል ነበር። በነባሪነት፣ ማለትም ማንም ሳያስተካክለው በራሱ፣ እምቢ ማለት የጀመረው ከ5.7 ወዲህ ነው። ይህን ያስተዋለችው እሷ ነበረች። እኔ ለዓመታት አላየሁትም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደሴ መናኸሪያ አገኘኋት፤ ልጅ አዝላለች። «ጋሼ ደህና ነዎት?» ብላ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። ስለ ጤና፣ ስለ ኑሮ ተጠያየቅን። አውቶቡሷ ሊወጣ ሲል ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ «መልካም መንገድ» አልኩ።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ የተሻለ ዕድል አላችሁ፤ ሰነዱ ሁሉ እጃችሁ ላይ ነው። ግን ስታነቡ አላያችሁም። ሰርቨሩ ሲታመም የስህተት መዝገቡን ሳትከፍቱ ማስነሣት ይቀናችኋል፤ ከኢንተርኔት ያገኛችሁትን ትእዛዝ ምን እንደሚሠራ ሳታውቁ ትለጥፋላችሁ። «ግንኙነት በዛ» የሚል ስህተት ሲመጣ ማይኤስኪውኤል በነባሪ የሚፈቅደውን 151 ግንኙነት ወደ አንድ ሺህ የምታደርጉ አሉ። ያን ጊዜ የማሽኑ ሜሞሪ (ራም) ያልቅና ሊኑክስ ራሱ ሰርቨሩን ይገድለዋል። ከመጀመሪያው ግን ችግሩ አንድ ኢንዴክስ (ፈጥኖ የሚያስፈልግ ማውጫ) የሌለው ጥያቄ መስመሩን ዘግቶ መያዙ ወይም ፕሮግራሙ ግንኙነቱን አለመዝጋቱ ነበር። ማን ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ዝርዝር ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የይለፍ ቃል ጠብቁ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ግዙ የሚለውን አልጽፍላችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

አያነቡም ብዬ ጻፍኩ እንጂ፣ የግዕዝ ፊደል በላቲን ተብሎ በተከፈተ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ጥያቄ ምልክት የሚሆነው ለምን እንደሆነ፣ አንዴ ከሆነም የማይመለስ መሆኑን ያስረዳኝ ገና የተመረቀ ልጅ ነው። ቁጭ ብሎ አንብቦ ነበር።

ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝም እንዲሁ ለውጥን ቀድሞ የሚጽፍበት ማውጫ አለው። ስሙ ፒጂ ኤክስሎግ ነበር። ሰዎች «ሎግ» የሚለውን እያዩ ሲሰርዙት፣ ሠሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው በ10ኛው እትም ስሙን ወደ ፒጂ ዋል ቀየሩት። ይህን ያነበብኩ ቀን ወንበሬ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። እንደ እኔ ያሉ ብዙ ነበሩ ማለት ነው። ልቤ ግን አልቀለለም፤ እሷ ስብሰባው ላይ ለብቻዋ ነበረች።

በስልክ አትዘዙ፣ ማሽኑ ፊት ሳትቀመጡ ፋይል አታስጠፉ እላለሁ ሁልጊዜ። ለዚያ ኮምቦልቻ ላለው ልጅ ግን በስልክ መለስኩለት፤ ችግር ላይ ያለን ሰው ከሐረጎ ማዶ ሆኜ ዝም ማለት አልቻልኩም። ምንም አትሰርዝ፣ ሰርቨሩንም አታጥፋ፣ ይጠብቅህ አልኩት። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ማውጫ መጠን አንብብልኝ አልኩት። አነበበልኝ፤ እንደጠረጠርኩት ቢን የሚሉት ነበሩ። የትናንቱን ባክአፕ መጠን ጠየቅሁት፤ በጊጋባይት የሚቆጠር ነው። ከፍተህ ውስጡን እይ አልኩት፤ አየ። ከሰርቨሩ ዳታ ውጪ የሆነ አንድ አሮጌ ፋይል ወደ ውጫዊ ዲስክ አዛወረና ትንሽ ቦታ ተገኘ፣ ሰርቨሩም ተነፈሰ። ከዚያ አሮጌዎቹን ቢን በእጁ ሳይሆን በሰርቨሩ በራሱ የማጽጃ ትእዛዝ፣ እስከ የትኛው ድረስ እንደሆነ ቁጥሩን ጽፌለት አጸዳ።

በመጨረሻ ሌላ መልእክት ጨመርኩለት። አንድ ነገር ቢበላሽና ማን አዘዘህ ብለው ቢጠይቁህ ይህን መልእክት አሳያቸው፣ ስሜንም ንገራቸው፤ ስልክ ከደወሉ አነሣለሁ፣ ካስፈለገም ነገ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁ ብዬ።