454ቱን በ10 ዲግሪ ላሰርከው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሼቭሮሌት ሞተር ጀልባ ገዝተህ፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን አሮጌ ዲስትሪቢዩተር አውጥተህ አዲስ ገጥመሃል። መጽሐፉ እንደሚለው በሚኒሞ (ጋዝ ሳይነካ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) 10 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ቀድሞ እሳቱ እንዲነሣ፣ አስረኸዋል፤ ድምፁም አምሮልሃል። የጠየቅኸው፣ ይበቃል ወይስ ትንሽ ላስቀድመው፣ በጆሮስ ማስተካከል ይቻላል ወይ የሚል ነው። እኔ የምፈራው አሁኑኑ ከሚገባው በላይ ቀድሞ እንዳይሆን ነው። ጆሮህን ደግሞ ለዚህ ሥራ አትመነው። ለምን እንዲህ እንደምል ከራሴ ጥፋት ልጀምርልህ።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ላዳና አሮጌ ቶዮታ በሚበዛበት ጋራዥ ነው። የዲስትሪቢዩተሩን ብሎን ታላላለህ፣ ዙሩ እስኪጨምር ድረስ ታዞራለህ፣ ፀጉር ታህል ትመልሳለህ፣ ታጠብቃለህ፣ አለቀ። ዳገት ላይ ካንኳኳ ባለመኪናው ራሱ ተመልሶ ይመጣል። ዘዴው ለዓመታት አላሳፈረኝም፤ እኔም ጆሮዬ የተባ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ግማሹን ሥራ የሚሠራልኝ ከፍታው ኖሯል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ሳሳ ያለ ነው፤ እሳቱ ጥቂት ዲግሪ ቢቀድምም ሞተሩ ይታገሣል።

ሜሪላንድ መጥቼ፣ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ የመጀመሪያዬን ጀልባ ስገዛ ያንኑ ጆሮ ይዤ ወረድኩ። ሚኒሞው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሆነልኝ። ሙሉ ጋዝ ሰጥቼ 10 ደቂቃ እንኳ በቅጡ ሳልሄድ ጉልበቱ ወረደ፤ በዘይት መተንፈሻው በኩልም ሰማያዊ ጭስ መጣ። ካንዴላዎቹን ስፈታ የአንዱ ነጭ ሸክላ ላይ ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት የሚመስል ነጠብጣብ አየሁ። ጠጋ ብዬ በባትሪ ሳየው አንዳንዱ ያብለጨልጫል፤ አሉሚኒየም ነው፣ የፒስተኑ ሥጋ። ቴስታታውን ከፍቼ ፒስተኑን ሳወጣ ፒስተኑን በሚከብቡት ሁለት ፋሻዎች መካከል ያለው ጠርዝ ተሰብሮ ቁራጩ በጣቴ ተነቅሎ መጣ። ከዚህ ሁሉ በፊት አንድም የማንኳኳት ድምፅ አልሰማሁም።

እንዴት ልስማ? ጭስ ማውጫው ማርሚታ የለውም፤ ነፋሱና ማዕበሉ ደግሞ አለ። መኪና ላይ እሳቱ ሲቀድም ቆርቆሮ ውስጥ ምስማር እንደሚንቀጫቀጭ ይሰማሃል፤ እግርህን ከነዳጅ ላይ ታነሣለህ፣ ይተርፋል። ከዚያም በላይ መኪና እንጦጦን ወጥቶ ይወርዳል፤ ጀልባ ግን ቀኑን ሙሉ እንጦጦን እየወጣ ነው። ፕሮፔለሩ ውኃውን እየገፋ እስካለ ድረስ ሞተሩ አንድም ደቂቃ አያርፍም። መኪና ላይ ለሁለት ደቂቃ የሚታለፍ ስህተት እዚህ ፒስተን ይበላል።

ወደ ያንተ ሞተር ልምጣ። 10 ዲግሪ ያልከው በሚኒሞ ያለውን ብቻ ነው። ዙሩ ሲጨምር ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ክብደቶች ስፕሪንጎቹን እየሳቡ ይከፈቱና እሳቱን ያስቀድማሉ። ምን ያህል እንደሚያስቀድሙ የሚገድበው ከሥራቸው ያለ ትንሽ ቀለበት ነው። ለውድድር የሚሸጡ ብዙዎቹ ዲስትሪቢዩተሮች ከ18 እስከ 28 ዲግሪ የሚገድቡ፣ በቀለም የተለዩ ቀለበቶች ይዘው ይመጣሉ። ያንተ ላይ 28ቱ ተገጥሞ ከመጣ 10 ሲደመር 28፣ በአጠቃላይ 38 ሆነልህ ማለት ነው። ለዚህ ሞተር፣ በባሕር ጠለል ላይ፣ በማደያ ቤንዚን፣ በዚያ ሸክም 38 ብዙ ነው። መጽሐፉ 10 ያለው ለፋብሪካው ዲስትሪቢዩተር ነው፤ የፋብሪካው ቀለበት ያንተው ውስጥ የለም።

ስለዚህ ከላይ ጀምር። ሚኒሞውን እርሳው። ዙሩን ወደ 3,000 ከዚያም ወደ 3,500 አውጣ፤ ካንዴላው ባቀጣጠለ ቁጥር ብልጭ በሚለው የዲግሪ መለኪያ መብራት ስታይ፣ ከሞተሩ ፊት ያለው ምልክት መንቀሳቀሱን የሚያቆምበት ቦታ አለ፤ እሱን 32 ላይ እሰር። የተለመደው ከ32 እስከ 36 ነው ይሉሃል፤ ልክ ናቸው፣ ግን እነዚያ 4 ዲግሪዎች የሚሰጡህን ጉልበት መቀመጫህ ላይ ሆነህ አትለየውም፤ ዋጋቸውን ግን ፒስተኑ ይከፍላል። ከ28 በታች አውርደህ ደግሞ አትኩራ፤ የዘገየ እሳት ጭስ ማውጫውንና ቫልቮቹን ያግላል። 32 ላይ ካሰርክ በኋላ ወደ ሚኒሞ ተመለስና የሚነበበውን ተቀበል። 4 ላይ ወርዶ ካገኘኸውና የሚንገዳገድ ከሆነ ዲስትሪቢዩተሩን ብቻ አዙረህ አትለፈው፤ ቀለበቱን በ21ዱ ለውጥና ላይኛውን እንደገና 32 ላይ እሰር። ያኔ ላይኛው 32 ሆኖ ሚኒሞው 11 ይሆንልሃል።

ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ሮተር ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር አካሉን በተቃራኒው ስታዞር ታስቀድማለህ። ይህ ለተለመደው አዟዟር ነው፤ ጀልባህ ባለ ሁለት ሞተር ከሆነ አንደኛው ወደ ግራ የሚዞር ሊሆን ስለሚችል አስቀድመህ አረጋግጥ።

ይህ ሁሉ ግን ዜሮው፣ ማለትም አንደኛው ፒስተን ጫፍ የሚደርስበት ምልክት፣ እውነተኛ ዜሮ ከሆነ ነው። ከክራንክሻፍቱ ፊት ያለው ባላንሰር አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ ውስጡና ቀለበቱ በጎማ የተያያዙ ናቸው። ጎማው ሲያረጅ ምልክቱ ያለበት ቀለበት ይንሸራተታል። የ454ቱ ባላንሰር ስፋት 8 ኢንች ስለሆነ አንድ ዲግሪ ማለት 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጓደኛዬ 34 ላይ አሰርኩ ብሎ ያመጣው ሞተር ቀለበቱ 11 ሚሊ ሜትር ተንሸራትቶ አገኘሁት፤ እውነቱ 40 ነበር። ያንተ ሞተር ያረጀ ስለሆነ ይህን ሳታይ መብራት አታብራ። ባትሪውን ንቀል፣ ካንዴላዎቹን ሁሉ ፍታ፣ በአንደኛው ሲሊንደር ቀዳዳ የፒስተን ማቆሚያውን እሰርበት። ሞተሩን በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር፤ ፒስተኑ ሲነካ ባላንሰሩ ላይ ምልክት አድርግ። ወደ ኋላ አዙረህ በሌላው በኩል ሲነካ ሁለተኛ ምልክት አድርግ። የሁለቱ እኩሌታ እውነተኛው ዜሮ ነው። እኔ የባለቤቴን ነጭ የጥፍር ቀለም ነው የምጠቀመው፤ ዘይት አያለቅቀውም፣ በመብራቱም ፍንትው ብሎ ይታያል። (የጠፋባትን ዕቃ የት እንዳለ እስካሁን አልነገርኳትም።)

መብራቱ ራሱ ሊዋሽህ ይችላል። ደጋግሞ የሚያቀጣጥል የእሳት ሳጥን ካለህ፣ በቁልፍ ዲግሪ የሚስተካከለው መብራት ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ተራውን መብራት ያዝና ለ8 ኢንች የተሠራ የዲግሪ ማጣበቂያ ባላንሰሩ ላይ ለጥፍ። ከዲስትሪቢዩተሩ ወደ ሳጥኑ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ከሆነም ምልክቱ አልያዝ ይልሃል፤ ከማዞርህ በፊት እነሱን እይ። የካንዴላ ሽቦዎቹ ተራ 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። 5 እና 7 ጎን ለጎን ሆነው ተከታትለው ስለሚያቀጣጥሉ ሽቦዎቻቸውን አራርቃቸው።

ሥራውን ግቢህ ውስጥ በውኃ ቱቦ አትጨርሰው። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ቱቦው ለሚኒሞ ይበቃል፤ ለ3,500 ዙር ግን አይበቃም። ጀልባውን ውኃ ላይ አውርደህ እሰረው፣ ማርሹን ነጻ አድርግ፣ አንድ ሰው ጋዙ ላይ አስቀምጥ። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ይሻላል፤ በቀትር ምልክቱን አታየውም። የሸሚዝህን እጅጌ ሰብስብ፣ ቺንጋው ቅርብ ነው።

አንድ ያልነገርከኝ ነገር አለ፦ አዲሱ ዲስትሪቢዩተር ለጀልባ የተሠራ ነው? የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከሞተሩ ሥር ይተኛል። የመኪና ዲስትሪቢዩተር ውስጡ የሚፈነጥቀውን እሳት ወደ ውጭ ሊያሳልፍ ይችላል፤ የጀልባው መተንፈሻ ላይ ወንፊት አለው። አሜሪካ ውስጥ ይህ የባሕር ጠረፍ ጥበቃው ግዴታ ነው። የመኪና ከሆነ ዲግሪውን ተወውና መልሰው። የጀልባ ቢሆንም ከማስነሣትህ በፊት የሞተር ክፍሉን ማራገቢያ 4 ደቂቃ አስሠራ።

32 ላይ ካሰርከው በኋላ አዲስ ካንዴላ አስገብተህ ጥሩ ሩጫ ሩጥበት። ጋዙን ግን በአንድ ጊዜ አትልቀቅ፤ የኋላህ ማዕበል ጀልባው ውስጥ ይገባል። ካንዴላው ላይ የታጠፈውን ሽቦ እይ፤ የቀለሙ መለወጫ መስመር መታጠፊያው አካባቢ ካረፈ ደኅና ነው፣ ወደ ጥርሱ ሥር ከወረደ ቀድሟል። ሸክላው ላይ ያ አዝሙድ ከታየህ 2 ዲግሪ መልስ፤ ብርዱን ወራት ታንከር ውስጥ የከረመ ቤንዚን ካለም ቀድተህ አውጣው። የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ ብሎን ሞተሩ ሲበርድ ደግመህ አጥብቅ። ክዳኑን ስትከፍት የቀለበቱን ቀለም አይተህ ጻፍልኝ፤ 28ቱ መሆኑን ሳታጣራ ቅዳሜ እንዳትወጣበት።