ስፒከርን በልኬት መምረጥ፣ በጆሮ ቦታውን ማስተካከል

ከሁለት አነስተኛ ስፒከሮች አንዱ በልኬት ግራፉ (ከወፍራም እስከ ቀጭን ያለውን ድምፅ ምን ያህል እኩል እንደሚያወጣ በሚያሳየው መስመር) የተሻለ ሆኖ ሳለ፣ ሱቅ ውስጥ ሲያደምጧቸው ግን ሌላኛው «ሕይወት ያለው» ሆኖ እንዳገኙት ገልጸው፣ ግራፉን ወይስ ጆሮዎን ማመን እንደሚገባዎት ጠይቀዋል። እኔ ጆሮዬን ብቻ አምኜ ገዝቼ ስለማውቅ፣ ምላሼን ዘርዘር አደርገዋለሁ።

ከዓመታት በፊት ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ደረት የሚነካ፣ ትሬብሉ (ቀጭኑ ድምፅ) የሚያበራ ስፒከር ሱቅ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ አድምጬ ወደ ቤቴ ወሰድኩ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ በሆነው የኮንዶሚኒየም ሳሎኔ ውስጥ ግን የከበሮው ምት እየተጎተተ ክራሩን ሸፈነው፤ ድምፃዊቷ «ሰ» እና «ጸ» ባለች ቁጥርም ጆሮዬን ይወጋኝ ጀመር። በኋላ የዚያን ስፒከር ልኬት ፈልጌ ሳይ፣ ቤዙና ትሬብሉ ከመካከለኛው ድምፅ በግልጽ ከፍ ብለው ተመለከትኩ። ሱቅ ውስጥ የማረከኝም ቤት ውስጥ ያሰለቸኝም ይኸው ነበር።

እርስዎም ያደመጡት በእኩል የድምፅ መጠን እንደነበር እጠራጠራለሁ። የአንዱ ሴንሲቲቪቲ (በተመሳሳይ ኃይል ምን ያህል እንደሚጎላ የሚገልጸው ቁጥር) 85፣ የሌላው 88 ዲሲቤል ከሆነ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሳይነካ ሁለተኛው በ3 ዲሲቤል ይጎላል፤ የመጀመሪያው እሱን ለመስተካከል የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ ይፈልጋል። ጆሯችን ደግሞ ጎላ ያለውን ጥራት ያለው አድርጎ ይቀበለዋል።

ዓይንም ያሳስታል። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱል እና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ጥናት 40 አድማጮች አራት ስፒከሮችን አንድ ጊዜ እያዩ፣ ሌላ ጊዜ ሳያዩ ሲመዝኑ ውጤቱ ተለያይቷል፤ ትንሹና ርካሹ ሲታይ ነጥቡ ወርዷል። ኦሊቭ በ2004 ደግሞ የ70 ስፒከሮችን ልኬት ሳያዩ ካደመጡ ሰዎች ምርጫ ጋር አነጻጽሮ፣ ሁለቱ በጣም ተቀራርበው አግኝቷቸዋል። ስለዚህ ልኬትን ከጆሮ ጋር የሚጣላ ነገር አድርጎ ማየት ስሕተት ይመስለኛል፤ በሚገባ የተሠራ ልኬት የብዙ ጆሮዎችን ፍርድ ቀድሞ ይናገራል። ሆኖም ከፊት ለፊት ብቻ የተለካ አንድ መስመር አይበቃም። ወደ ጆሯችን የሚደርሰው ድምፅ ከግድግዳና ከጣሪያ የተንጸባረቀውንም ስለሚጨምር፣ ስፒከሩ ዙሪያውን በየ10 ዲግሪው የተለካበትን ሰነድ ይፈልጉ።

ግራፉ የማያውቀው የእርስዎን ሳሎን ነው። በግምት ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚገዛው ክፍሉ ነው፤ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ አንዱ ጋ ያሳብጣል፣ ሌላው ጋ ያጠፋል። እኔ ስፒከሮቹን ከማዕዘኑ 60 ሴንቲሜትር ሳርቃቸው፣ ሶፋውን ከኋላ ግድግዳ ፈቀቅ ሳደርገውና ወፍራም ምንጣፍ ሳነጥፍ ያገኘሁትን ለውጥ የትኛውም የአምፕሊፋየር ቅያሪ አልሰጠኝም።

ስለዚህ በልኬት የተሻለውን ይምረጡ፤ ነገር ግን ሻጩ ለጥቂት ቀናት ቤት ወስዶ መመለስን የሚፈቅድ ከሆነ ሁለቱንም ይውሰዱ። የሁለቱን የድምፅ መጠን በስልክዎ መለኪያ አስተካክለው፣ የቤተሰብ አባል ከመጋረጃ ጀርባ እያቀያየረልዎት፣ በቃልዎ የሚያውቁትን የማሲንቆና የድምፃዊ ቅጂ ያድምጡ። ያን ጊዜም ያው «ሕይወት ያለው» ስፒከር በተደጋጋሚ ከበለጠብዎት፣ ያለ ጥርጣሬ እሱን ይግዙ።