ልጆችን ግሥ ስለማስተማር፦ ጥያቄና መልስ

ወላጆችና መምህራን ላቀረቧቸው ጥያቄዎች በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የሚያስተምሩ አባላችን እንደሚከተለው መልስ ሰጥተዋል።

ጥያቄ፦ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። «ግሥ ድርጊትን የሚገልጽ ቃል ነው» ብዬ ካስተማርኩ በኋላ ተማሪዎቼ «ሩጫ»ን ግሥ ይሉታል፤ «ነው»ን ግን ግሥ አይደለም ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ተማሪዎችዎ የተሳሳቱት የነገሯቸውን በታማኝነት ስለተከተሉ ነው። ሩጫ ድርጊት መሆኑን ማንም አይክድም፤ «ነው» ውስጥ ደግሞ አንድም የሚሠራ ሰው አይታይም። ስለዚህ ትርጓሜውን ለከፍተኛዎቹ ክፍሎች ያቆዩትና ልጆቹ ግሥን በጠባዩ እንዲለዩት ያድርጉ። የአማርኛ ግሥ ከባለቤቱ ጋር ይለዋወጣል፦ እሱ ሮጠ፣ እሷ ሮጠች፣ እነሱ ሮጡ፣ እኔ ሮጥሁ። «ነው»ም እንዲሁ ናት፣ ናቸው፣ ነኝ ይሆናል። «ሩጫ»ን «እሷ» ከሚለው ቃል ቀጥለው ሲሞክሩት ግን ምንም ሳይለወጥ ይቀራል፤ ዓረፍተ ነገርም አይሆንም። አንዱን ልጅ፣ ከዚያ አንዷን፣ ከዚያ ብዙዎችን አስነሥተው እያስሮጡ ክፍሉ የሆነውን እንዲናገር ቢያደርጉ፣ የቃሉ መጨረሻ ለምን እንደሚለወጥ ያለ ማብራሪያ ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ «ግሥ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው» ተብሎ ተምሯል። ልክ ነው?

መልስ፦ ለስድስት ዓመት ልጅ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከአራት ነጥብ በፊት ያለውን ቃል ቢያከብብ አብዛኛውን ጊዜ ያገኘዋል። የቀድሞ የሰዋስው ጸሐፊዎች «ማሰሪያ አንቀጽ» ያሉትም ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረው እሱ ስለሆነ ነው። ነገር ግን «ልጁ ዳቦውን በልቶ ተኛ» በሚለው ውስጥ «በልቶ»ም ግሥ ነው፤ ብቻውን ግን አያስርም። «ልጁ ዳቦውን በልቶ» ብለው ዝም ይበሉና ልጅዎን ይመልከቱት፤ «ከዚያስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ያ ጥያቄ ትምህርቱ ራሱ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ግሥ ብቻ ያላቸውን ዓረፍተ ነገሮች ይስጡት።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ «ሰበረችው» ብላ ጽፋ መምህሯ «ያልተሟላ ዓረፍተ ነገር» በሚል ነጥብ ቀነሰባት። ትክክል ነው?

መልስ፦ በሰዋስው ዓይን የተሟላ ነው፤ «ች» ሰባሪዋን፣ «ው» የተሰበረውን ይዘዋል። መምህሯ የፈለጉት ምናልባት አንባቢው ማን ምኑን እንደሰበረ እንዲያውቅ ይሆናል፤ ይህም ተገቢ ልምምድ ነው። «ማን? ምኑን?» እያሉ ቢጠይቋት «ትንሿ እህቴ ብርጭቆውን ሰበረችው» ወደሚለው ራሷ ትደርሳለች። በነገራችን ላይ፣ ልጆች ጥፋቱ የራሳቸው ሲሆን «ሰበርሁት» ከማለት ይልቅ «ተሰበረ» ማለትን ይመርጣሉ፤ የሁለቱን ግሦች ልዩነት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። የአራት ዓመት ወንድ ልጄ እኔን እናቱን «ና» ይለኛል፤ «ፕሌይ አደረግሁ»ም ይላል። እንዴት ላርመው?

መልስ፦ በእንግሊዝኛ ትእዛዝ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ከዚህም በላይ ልጅዎ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ለእሱ የሚባለውን «ና፣ ብላ፣ ተኛ» ስለሆነ የሰማውን መልሶ ይናገራል። መፍትሔው አዛዥነቱን ለእሱ መስጠት ነው፦ አባቱን «ና»፣ እርስዎን «ነይ»፣ ሁለታችሁን «ኑ»፣ አያቱን «ይምጡ» እያለ ይጥራ፤ በትክክል ያልተጠራ ሰው ከመቀመጫው አይነሣ። «ና» ካለ በኋላ «አትና» ቢልዎት አይደነቁ፤ አዎንታው «ና» ሆኖ አሉታው «አትምጣ» መሆኑን በመስማት ብቻ ነው የሚለምደው።

«ፕሌይ አደረግሁ» ላይ ግን አይቆጡ። የአማርኛውን ሥራ የሚሠራው «አደረግሁ» ነው፤ ልጁ ባለቤቱንም ጊዜውንም በትክክል ይዟል፤ የጎደለው ቃሉ ብቻ ነው። «ተጫወትህ? ከማን ጋር ተጫወትህ?» ብለው ይመልሱለት።

ጥያቄ፦ በስንት ግሦች ልጀምር?

መልስ፦ ቁጥር አልወስንም። በላ፣ ጠጣ፣ ተኛ፣ ታጠበ፣ ሮጠን የመሳሰሉትን በልጁ ቀን ውስጥ ያሉትን ይውሰዱ፤ ረጅም ዝርዝር ከማስያዝ አንዱን በሁሉም ባለቤቶች ማናገር ይበልጣል።

ጥያቄ፦ አባቴ በቅኔ ቤት ርባታ (ግሥን በየባለቤቱ እየለዋወጡ መዘርዘር) በቃላቸው ወጥተዋል። እኔስ ልጆቼን እንዲሁ ላስጠናቸው?

መልስ፦ የቅኔ ተማሪ የሚያጠናው አፉን ያልፈታበትን ግእዝ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ግን ርባታውን ሳያውቀው ያውቀዋል፤ የእርስዎ ድርሻ የሚያውቀውን እንዲያስተውል መርዳት ነው። በጭብጨባ ማስባሉ ደስ ይላል፤ ፈተና እንዳያደርጉት እንጂ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ክፍል ተማሪው ልጄ «እኔ ዳቦ በላው» ብሎ ይጽፋል።

መልስ፦ አዋቂዎችም የሚጽፉት ስሕተት ነው፤ በንግግር ጊዜ «ሁ» ስለሚላላ ጆሮ «ው»ን ይሰማል። «በላው» ማለት ግን እሱ ያንን ነገር በላ ማለት ነው። ሲጠራጠር ባለቤቱን ወደ «አንተ» ይለውጥ፤ «አንተ በላህ» ላይ «ህ» በግልጽ ስለሚሰማ «እኔ»ም ያንኑ ፊደል ይዞ «በላሁ» ይሆናል። በ«መጣሁ»፣ «ጠጣሁ» እና «ሰማሁ»ም ይሞክረው።